የመረቅነው ቦቴ

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የበልግ ወራት ነበር። አገሬ ወሎ በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። እኔ ያለሁበት ኩዌት ሙቀቱ መግባት ጀምሯል፤ አንዳንድ ቀን አቧራው ተነስቶ ሰማዩን ቢጫ ያደርገዋል።

የምሠራው ጃብሪያ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንድወጣ ትፈቅድልኛለች። ይህን ያላገኙ ብዙ እህቶች አሉና አላህን አመሰግናለሁ።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ሐውሹን፣ ግቢውን ማለቴ ነው፣ በጎማ ማጠብ ነው። ኩዌት ወንዝ የላትም። ውሃው ከባሕር ተጣርቶ ነው የሚመጣው ይላሉ። ቢሆንም ቧንቧው ተከፍቶ ውሃ የጠፋበትን ቀን አላስታውስም። ንጣፉ ላይ የተኛውን አቧራ እየገፋ ይወርዳል። ያን ሰሞን ውሃውን ባየሁት ቁጥር አገሬን አስብ ነበር። ወንዝ ያለን እኛ ነን፤ የሚጠጣ ያጣነውም እኛ ነን።

ልጄን ለእናቴ ትቼ ስወጣ ገና አፏን በደንብ አልፈታችም ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መንደራችን ወንዙ ዳር ነው፤ ከተማው ከኛ በላይ ነው። በበጋ ወንዙ ይቀጥናል። ያን ጊዜ ሴቶች ዳር ዳሩን አሸዋ በእጃቸው ይጭራሉ። ከሥር ውሃው በአሸዋው ተጣርቶ ይወጣል፤ በጣሳ እየጨለፉ ጀሪካን ይሞላሉ። ሁላችንም ያን ጠጥተን ነው ያደግነው።

መጀመሪያ እናቴ በስልክ የነገረችኝ እንደ ዋዛ ነው።

«ወንዙ ሸተተኮ» አለችኝ።

«ከብት ሞቶበት ይሆናል።»

«ከብት አይደለም። የከብቱን ሽታ አላጣውም።»

ከዚያ ልጄን አተኮሳት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒት ዋጠች፣ ዳነች። አመሰገንኩ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ወደቀች። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ እናቴን፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ ምን ያድርግ? ውሃውን ለውጡላት» አለቻት። በምን ይለወጥ? ሌላው ምንጭ ከተራራው ወዲያ ነው፤ የእናቴ ጉልበት እዚያ አያደርስም። አፍልታ ማጠጣት ጀመረች። ልጅ ግን ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ሲጠማት ከጓደኞቿ ጋር ጎንበስ ብላ ከአሸዋው ትጠጣለች። ስንቱን ተከታትሎ ይቻላል?

ወንዙን ያሸተተው ምን እንደሆነ መንደሩ ወዲያው ደረሰበት። ከላይኛው ድልድይ ላይ አንድ ቦቴ ይመጣል፤ የከተማውን ሽንት ቤቶች መጥጦ የሚያወጣ መኪና ነው። የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ። ቱቦውን በድልድዩ ጠርዝ ያወርድና ይለቀዋል። ውሃ ሞልቶ በሚሄድበት ጊዜ ቢሆን ያጥበው ነበር። በልጉ የቀረ ጊዜ ግን ከላይ እስከ ታች የሚወርደው እሱው ብቻ ሆነ።

ሽማግሌዎች ከተማ ወጥተው አቤት አሉ። መጥተን እናያለን ተባሉ። የመጣ የለም።

ሴቶቹ ገበያውን ትተው ድልድዩ ላይ ወጡ። ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ከዳር እስከ ዳር መንገዱ ላይ ደረደሩና ከኋላ ቆሙ። እናቴም ቆማለች። ቦቴው መጣ፣ ቆመ። ሹፌሩ፣ የማያውቁት የከተማ ልጅ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ «እናንተ፣ ዛሬ ውሃ ጠፋ እንዴ? ልቅዳላችሁ?» ብሎ ሳቀባቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ሄደ። እልል አሉ። ሲመለሱ ግን ወንዙ እንደ በፊቱ ሆኖ ጠበቃቸው። ከድልድዩ ከፍ ብሎ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ደፍቶት ነው የሄደው። ከላይ የተደፋ የት ይቀራል? ወደ ታች ነው።

የጎረቤታችን ልጅ በስልኳ ቀርጻው ነበር። ለኔም ተላከልኝ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ማሽኑ እየዞረ፣ አየሁት። ጀሪካኖቹን አየሁ፤ እናቴን በሻሿ ለየኋት። መኪናው ሲዞር ጀርባው በደንብ ታየ። ሰማያዊ ታንከር ነው። በቀይ ቀለም «የእናቴ ምርቃት» ተብሎ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ አጠገብ ነጭ ርግብ ተስላለች። ሰዓሊው ርግቧን ዓይን ሳያበጅላት ነው የተዋት።

ስልኩን በጣቴ አቆምኩት። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲጮህ አልሰማሁትም። ማዳም ከላይ ተጣራች።

ያችን ርግብ አውቃታለሁ። ስቀንባት ነበር።

ኩዌት ስገባ የመጀመሪያው ቤት አልሆነልኝም። ወጥቼ መንገድ ላይ ስቀር አንዲት የአገሬ ልጅ ተቀበለችኝ። ማህቡላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ የካምፓኒ ሠራተኞች የሚኖሩባቸውን ሕንጻዎች ታጸዳለች። መንደሯ ከወንዛችን ማዶ ነው፤ የነሱ ዶሮ ሲጮህ እኛ መንደር ይሰማል። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ እስላም ነኝ። አልጋዋን ለኔ ለቃ ምንጣፍ ላይ ተኛች። ስሰግድ የማርያምን ሥዕል በፊት ለፊቴ እንዳይሆን ቦታውን ትለውጥልኝ ነበር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ተስተካክሎ ጃብሪያ እስክገባ ድረስ አንድ ቀን እንኳ መቼ ትወጫለሽ አላለችኝም። እህቴ የምላት እሷን ነው።

ማህቡላ ዓርብ ዓርብ የምንሰበሰበው እሷ ቤት ነው። የራሳችን ቅሬ አለን። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ አንዳችን እዚህ ብንሞት ሬሳችን አገሩ እንዲገባ ነው ያቋቋምነው። ከወንዙ ወዲህም ከወንዙ ወዲያም ያለን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ላይ ነን። ዳኛችን ፋሐሂል የልብስ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ፣ ከሁላችንም ቀድመው ኩዌት የገቡ ትልቅ ሴት ናቸው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ዓርብ፣ እህቴ ስልኳን ከእጅ ወደ እጅ አዙራ ፎቶ አሳየችን። የዓመታት ልፋቷ ቦቴ ሆኖ ቆሟል። ወንድሟ ይዞት ቧንቧ ላልደረሳቸው ሰፈሮች ውሃ ያመላልስበታል።

«ከእንግዲህ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለች። «ስገባ የሰው ቤት መጥረጊያ አልይዝም።»

«ርግቧ ግን ዓይኗ የት ሄደ?» አለች አንዷ።

«ለአንቺ ባል ልትፈልግ ሄዳ» አለቻት፤ ሳቅን።

ዳኛችን ተነሥተው መረቁ። «የተጠማ የሚጠጣበት ይሁን። ሕፃን የሚያድግበት ይሁን።» እኛ እስላሞቹ እጃችንን ዘርግተን፣ ክርስቲያኖቹ አማትበው፣ አሜን አልን። እልልታው ከመብዛቱ የላይኛው ፎቅ ግብፃዊት ወርዳ ሠርግ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። የመኪና ሠርግ ነው አልናት። ሻይ ጠጥታ ሄደች።

ያን አሜን ካሉት አንዷ እኔ ነኝ።

ቪዲዮው በደረሰኝ ሳምንት ዓርብን እንዴት እንደጠበቅኩት አላህ ያውቃል። ከጃብሪያ በአውቶቡስ ማህቡላ ወረድኩ። ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሜ ደረስኩ። የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ነበር። ምስር እየሠራች አገኘኋት።

«ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። «የምጾመው እኔ፣ የምትከሺው አንቺ።»

ስልኩን ሰጠኋት። ጽሑፉን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ቱቦውን፣ መንገዱን የዘጉትን ጀሪካኖች አየች፤ ወንዛችን ላይ ምን እንደሚደፋ ነገርኳት።

«የኛ አይደለም» አለች። «ይህን ጽሑፍ ስንት መኪና ይጽፈዋል።»

«ርግቧን እዪአት።»

አየቻት። ማማሰያውን ድስቱ ላይ አስቀመጠች።

«አልጋዬን የለቀቅኩልሽ ለዚህ ነው?» አለችኝ።

«የምትጠጣው ልጄ ናት» አልኳት።

ወንድሟ ጋ ደወለች፤ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ አላውቅም አለ። ቀጥሎ አመነ። ውሃ ማመላለሱ የናፍጣውን እንኳ አልችል ብሎት ነበር። ፓምፕ አስገጥሞ፣ ሹፌር ቀጥሮ፣ ሽንት ቤት መምጠጥ ጀመረ። መድፊያ የተባለው ቦታ ደግሞ ተዘግቷል።

«የት ልድፋው? ኪሴ ልክተተው?» አላት። «አንቺ እዚያ በኤሲ ቁጭ ብለሽ ታወሪያለሽ። እማዬ አልጋ ላይ ሆና የምትውጠውን መድኃኒት የሚገዛው ማን መሰለሽ?»

«እኔ የሰጠሁህ ውሃ እንድታጠጣ ነው።»

«እሺ፣ አቆማለሁ» አለ።

ስልኩን ዘጋች። «ሰማሽ? ይቆማል። አሁን ምስር ቅመሺ» አለችኝ። ቀመስኩ። አመሰገንኩ።

አልቆመም። ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶ ተመልሶ መጣ፤ አሁን በገበያ ቀን ብቻ አይደለም። ልጄ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀች። ሆዷ ተነፋ፤ ከተማ ሆስፒታል አስገቧት። ሐኪሙ ለእናቴ፣ አንጀቷ እንዳይበሳ እንፈራለን አላት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ልጄን አገናኚኝ አልኳት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ትንፋሽዋን ብቻ ሰማሁ።

ማዳምን አገር ልግባ ብዬ ለመንኳት። ኢቃማዬ ለእድሳት ገብቶ ነበር፤ ረመዳንም ደርሷል፣ ቤቱ እንግዳ ይሞላል። «ከዒድ በኋላ፣ ወላሂ እልክሻለሁ» አለችኝ። መልካም ተናገረች። ዒድ ግን ለኔ ሩቅ ነበር። የማዳምን እናት ለክትትል ጃብሪያ ወዳለው ሆስፒታል ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። እዚያ ኮሪደር ላይ ሕፃናት በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልለው ያልፋሉ። እያንዳንዳቸውን እያየሁ፣ ያ አላህ፣ ለነሱ የሰጠኸውን አትንሳቸው፣ ለኔም አትከልክለኝ እላለሁ። ሌላ ምን አቅም ነበረኝ? ሐውሹን ሳጥብ የጎማውን ውሃ በጣቴ እያፈንኩ አሳንሰዋለሁ። የዚህ ውሃ መቀነስ እዚያ እንደማይጨምር አላጣሁትም። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት በመጨረሻው ዓርብ ቅሬያችን ተሰበሰበ። ነገሩን ሁሉም ሰምተውታል።

«ከዚህ ቅሬ ትውጣ» አለች አንዷ። የሷም ልጆች ከወንዙ ነው የሚጠጡት። «የሽንት ቤት ሀብታም ሆና ከኛ ጋር ምን ታደርጋለች?»

«አፍሽን ሰብስቢ» አሏት ዳኛችን። «የተቀመጥሽው በማን ምንጣፍ ላይ ነው?»

«ምንጣፉንስ በምን እንደገዛችው ማን ያውቃል?»

አንዳንዶቹ ሊስቁ ከጅሏቸው ተዉት። እኔ አጎንብሼ ነበር። አንድ ነገር በይ ብለው አዩኝ። ከኔ በላይ የተጎዳ አልነበረም፤ ከኔ በላይ የሷን እጅ የበላም አልነበረም። ቀና አላልኩም።

እህቴ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «እኔን ብታወጡኝ ወንድሜን ምን ይነካዋል?» አለች። «እዚህ ብሞት የሚሸከመኝ እሱ አይደለም። መውጣት ያለበት አገር ቤት ያለው ቤታችን ነው። ለአገር ቤቱ ቅሬ ድምፅ ላኩ። ያንን ቤት አውጡት በሉ። ያለችው ልጃቸው ናት በሉ።»

ከቅሬ የወጣ ቤት እሳት አይጫርለትም፤ ሰላምታ አይሰጠውም። ሲሞትበት መቃብር የሚቆፍርለት የለም። ከዚህ የከፋ ቅጣት እኛ አገር የለም።

«እናትሽ አልጋ ላይ ናቸው» አሏት ዳኛችን ቀስ ብለው። «ክፉ ቀን ቢመጣስ? ይህን አስበሽዋል ልጄ?»

«አስቤዋለሁ።»

«እናት አትተካም።»

«እናቴ እኔን ያጠባችኝ ያንን ወንዝ ጠጥታ ነው» አለች።

ስልኳን አውጥታ ራሷ ተናገረችበት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የመንደሯን ስም ጠራች። ቦቴው የኔ ነው፤ ወንድሜ እስኪያቆም ቤታችንን አውጡት አለች። ስትጨርስ እጇን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።

ድምፁ አገር ቤት ደረሰ። በማግሥቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ የሁለቱም መንደር ሰው ዛፉ ሥር ተሰብስቦ ሰማው፤ ሼሁም ቄሱም ነበሩ። ቤቱ ወጣ። ወንድሟ ማንም ሳይመልስለት እየተራገመ በመሀላቸው አለፈ አለችኝ እናቴ። የታመመ ውሃ አይከለከልም ብለው ለእናትየዋ ብቻ የፈላ ውሃ በር ላይ ያስቀምጣሉ። ተራ ገብተው ነው። እናቴም ከሆስፒታል ለልብስ ስትመጣ አንድ ቀን አስቀምጣለች።

«እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት።

«እሷ ምን አደረገች?» አለችኝ።

ቦቴው ግን መምጣቱን አላቆመም። ልጁ እልኸኛ ነው። የሰው ዝምታ ያልፋል ብሎ አሰበ መሰለኝ። ሰማዩም አልዘነበም።

ረመዳን ገባ። ኩዌት በረመዳን ቤቱ ሌሊት ይነቃል፣ ቀን ይተኛል። የኢፍጣሩ ድስት ከቀትር ጀምሮ እሳት ላይ ነው። የምጾመውም የማበስለውም በአንድ ሐሳብ ነበር። ሐኪሞቹ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል ብለው ነበር። ሱጁድ ላይ ስደፋ መነሳቱ ይከብደኛል። ያ ረቢ፣ የምወደውን ከመውሰድህ በፊት የምችለውን አሳየኝ እል ነበር። የምችለውን ግን አላየሁትም።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሳምቡሳውን ከዘይት እያወጣሁ፣ እናቴ ደወለች። እጄ በዘይት እንደራሰ አነሳሁት።

«ትኩሳቱ ወረደላት» አለችኝ። «ዛሬ ዓይኗን ከፍታ ሾርባ አምጪልኝ አለች። ሐኪሙም አይቷታል። ገና ነው፣ ግን ደኅና ነው አለ።»

ከምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

«ሌላም አለ» አለች እናቴ። «የእህትሽ እናት ዐረፉ።»

የሞቱት ትናንት ነው። ወንድሟ በየቤቱ ሄደ። ወንዶቹ አዩት፤ አካፋ ያነሳ አልነበረም። ብቻውን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብቶ መቆፈር ጀመረ። መሬቱ ዝናብ ያላየ ድንጋይ ነው። ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ድምፁን ይሰማል፤ የሚገባ የለም። አንዳንዱ እያለቀሰ ነው የቆመው። ቀትር ላይ አካፋውን ጥሎ ወጣና የቦቴውን ቁልፍ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጠ። ቄሱ ወንጌል አቀረቡለት፤ ሁለተኛ ወንዙ ላይ ላይደፋ ማለ። ከዚያ ሁሉም ተነሡ። ጾመኛው እስላም ውሃ ሳይቀምስ በዚያ ፀሐይ ጉድጓዱን ጨረሰላቸው። በወግ ተቀበሩ። ቦቴው ባዶውን ዛፉ ሥር ቆሟል።

«እሷስ? ነግሯታል?» አልኳት።

«እንዴት ብሎ? አፍሯል። እኔ አልደውልላትም ብሏል።»

አዛን አለ። ቴምር አፌ ውስጥ አደረግኩ። የኔ ልጅ ሾርባ ጠይቃለች። ለዚህ የተከፈለውን የከፈለችው ግን ገና አታውቅም። ማህቡላ ቁጭ ብላ ሥራዋን ትሠራለች፤ ነገ እናቷ ጋ እደውላለሁ እያለች ይሆናል።

ዳኛችን ጋ ደወልኩ። ሰምተው ነበር።

«ማንም በስልክ እንዳይነግራት» አሉኝ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ማለዳ ሄደን ነው። አንቺ ግን መምጣት ትችያለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኳቸው፤ ማዳምን ሳልጠይቅ።

ከኢፍጣር በኋላ ሻይ ሳቀርብ ጠየቅኳት። የሰው ሞት ነው አልኳት።

«እናትሽ ናት?» አለች ደንግጣ።

«አይደለችም። የእህቴ እናት ናት።»

«እህት የለኝም ብለሽኝ አልነበር?»

«አለችኝ» አልኳት። ማዳም ትንሽ አየችኝና፣ ከቀትር በፊት ተመለሺ አለችኝ።

በማግሥቱ የሱብሒን ሶላት ሰግጄ ወጣሁ። ቤቱ በሙሉ ተኝቷል። ሐውሹን ሳላጥብ የሄድኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ሙቀቱ ከአሁኑ ከአስፋልቱ ይነሳል። ማህቡላ ስደርስ ዳኛችን ከሁለት ሴቶች ጋር ከሕንጻው ሥር ቆመው ይጠብቁኛል። ከሁለቱ አንዷ ያች፣ ትውጣ ያለችው፣ ናት። ዓይኗ አብጧል። አልተነጋገርንም። ሊፍቱ አልሠራም፤ በደረጃው ወጣን። ዳኛችን በየፎቁ እየቆሙ ያርፋሉ።

ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

የሥራ ልብሷን ለብሳ ከፈተች። በሥራ ቀን፣ በማለዳ፣ አራት ሆነን በሯ ላይ ስንቆም አየች። የተመለከተችው እኔን ብቻ ነው። ከቅሬው ስብሰባ ወዲህ አልተያየንም ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ልጅሽ ናት?» አለችኝ። «ንገሪኝ፣ ልጅሽ ናት?»

«ልጄ ደኅና ናት» አልኳት።

ተነፈሰች። ተመስገን አለች። ከዚያ ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ዳኛችን ላይ ዐረፈ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው የለበሱት።

ደግፌ አስገባኋትና አልጋው ላይ አስቀመጥኳት፤ ያን ጊዜ ለኔ የለቀቀችልኝ አልጋ ላይ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።